በሁለት ደወል መካከል

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



በዚህ በዓል ላይ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር ማድረጋቸው ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ያለፉትን ዓመታት ንግግሮች ስናገላብጥ አብዛኞቹ «የትምህርት ጥቅም» ወይም «የወጣት ኀላፊነት» የሚል ርእስ ያላቸው ሆነው አገኘናቸው። ርእሶቹ መልካሞች ናቸው፤ ነገር ግን ከእኛ የቀደሙት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አሟጠው ስለ ተናገሩባቸው ለእኛ የተረፈ ብዙ ነገር የለም። ስለዚህ ተሰብስበን ከተመካከርን በኋላ ማንም ያልነካውን አንድ ትንሽ ርእስ መረጥን። ይኸውም ልጆች በዕረፍት ሰዓት ስለሚያደርጉት ሩጫ፥ ዝላይና ጨዋታ ነው።

ርእሳችንን ስናስታውቅ የሣቁብን አልጠፉም። «ስለ ጨዋታ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋል? ልጅ እንደ ሆነ ሳይነግሩት ይጫወታል» ያሉን ነበሩ። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ እኛም ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ደወል በተደወለ ጊዜ የሚጫወቱት ልጆች ሁሉ አይደሉም። የሚጫወቱትም ቢሆኑ ጊዜው በየምክንያቱ እየተቆረሰ ይወሰድባቸዋል። ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ይህንኑ ነው። (የከተማችንን የደወሌን ስም ከደወል ጋር እያያያዙ የሚቀልዱ እንግዶች አሉ፤ ቀልዱን ለምደነዋልና እናልፈዋለን።)

ንግግሩን ከመጻፋችን በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ በዕረፍት ሰዓት በረንዳው ላይ ቆመን በግቢው ውስጥ የሚሆነውን ተመለከትን። በአንድ ግቢ አብረውን የሚማሩ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ስላሉ የምናየው ነገር ብዙ ነበር። ደወሉ ተደውሎ ሳያበቃ ከሁሉ ቀድመው የሚወጡት ትንንሾቹ ወንዶች ናቸው። ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ላስቲክ ጠቅጥቀው የሠሩትን ኳስ ከዴስክ ሥር አውጥተው እየተጋፉ ወደ ሜዳ ይሮጣሉ። ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል። በአንዱ ሜዳ ላይ ሦስትና አራት ጨዋታ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል፤ የአንዱ ጨዋታ በረኛ በሌላው ጨዋታ መካከል ቆሞ ይታያል፤ ሁለት ኳስ በአንድ ልጅ እግር ሥር ያልፋል። ለእኛ ከውጭ ለምናየው ነገሩ ሁሉ ድብልቅልቅ ነው። እነርሱ ግን የትኛው ኳስ የማን እንደ ሆነ፥ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ከቶ አይሳሳቱም።

ከሜዳው ዳር ደግሞ አባሮሽ የሚጫወቱ አሉ። በግንቡ ጥግ ትንንሾቹ ሴቶች መሬቱን በእንጨት ጭረው ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ፤ ገመድ ያላቸው ገመድ ይዘላሉ፤ ሌሎቹም ተቀምጠው ቅልልቦሽ ይጫወታሉ። ከእነርሱ ዕድሜ ከፍ ያሉት ልጃገረዶች ግን ልብሳቸውን ሰብስበው ግንቡን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ዕረፍቱ ሲጀመር የተቀመጡበት ቦታ ሲያበቃ የሚነሡበት ቦታ ነው። የላይኛው ክፍል ወንዶች በበኩላቸው ከጥላው ሥር ተሰብስበው ስልክ ላይ ያቀረቅራሉ። አንዱ ያሳያል፤ ስድስቱ ያያሉ፤ የሚንቀሳቀሰው አንድ አውራ ጣት ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ ከሜዳው የማይታዩ አሉ። የቤት ሥራ ሳይሠሩ በመምጣታቸው ወይም በክፍል ውስጥ በመረበሻቸው ከሰሌዳ ላይ እንዲገለብጡ ወደ ውስጥ የሚቀሩ አሉ። ክፍል የሚጠርጉ አሉ። ውሃ እንዲያመጡ የሚላኩ አሉ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ቍጥር ጽፈን አልያዝንም፤ ነገር ግን በእነዚህ ቀናት ሁሉ ያየነው አንድ ዓይነት ነው። የሜዳው መካከል የጥቂት ጠንካሮች ነው። የቀረው ልጅ በዳር፥ በጥግና በክፍል ውስጥ ነው።

አሁን አንድ አባት ተነሥተው «ልጆቻችን ከፍየልና ከግመል ኋላ ቀኑን ሙሉ የሚሄዱ ናቸው፤ ሩጫ መች አነሣቸው?» ሊሉን ይችላሉ። እውነት ነው፤ በዙሪያችን ባለው አርብቶ አደር ቤት ያደገ ልጅ በእግሩ የሚሄደው ርቀት አንድ የከተማ ልጅ በወር የሚሄደውን ያህል ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ደወሌ ዛሬ የግመል መንገድ ብቻ አይደለችም። ባቡርና ጉምሩክ ያለባት፥ ከድሬዳዋ የሚመጣው አስፋልት የሚደርስባት የድንበር ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር ሲጓዝ በእኛ በኩል ያልፋል። ከጣቢያውና ከገበያው አጠገብ የሚኖር ልጅ ከፍየል ኋላ አይሄድም። ከቤት ወጥቶ እንዲጫወት ቢፈቀድለት እንኳ ከፊቱ የከባድ መኪና መንገድ አለ። እናቱ «ከደጅ አትውጣ» ብትለው አትወቀስም። እንዲህ ላለው ልጅ የታጠረ፥ መኪና የማይገባበት፥ እኩዮቹ የሚገኙበት ሜዳ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ብቻ ነው። ጀሪካን የምትሸከመዋ ልጅም ጕልበቷን ታወጣለች እንጂ አትጫወትም። ሥራን ያዘዘው ሌላ ሰው ነው፤ ጨዋታን ግን ልጁ ራሱ ይጀምረዋል፤ ራሱ ያቆመዋል።

የጤና ነገር ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ በአጭሩ እንለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በየቀኑ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፥ በሳምንትም ቢያንስ ሦስት ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነገር እንዲኖርበት ይመክራል። አጥንት የሚጠነክረው በምግብ ብቻ አይደለም፤ መሬቱን ሲመታ፥ ሲዘል፥ ሲያርፍ ነው። ይህም ሥራ በይበልጥ የሚከናወነው በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ ነው። እንግዲህ የእኛ ዕረፍት በጧት አንድ ጊዜ 15 ደቂቃ ነው፤ ከሚያስፈልገው ሩቡ ማለት ነው። ሩቡ ሲወሰድበት የልጁ ድርሻ ባዶ ይሆናል። ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ለማወቅ ያህል፥ ከ146 አገሮች ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ተማሪዎች ከመቶ 81ዱ ይህን ያህል እንደማይንቀሳቀሱ ገልጧል። ከወንዶች ከመቶ 78፥ ከሴቶች ከመቶ 85 ነው። ይህን የሴቶቹን ቍጥር ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

አንድ ያስገረመንን ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም፤ እርሱም ስለ ዓይን ነው። በታይዋን ብዙ ተማሪዎች ከሩቅ ማየት ስለ ተሳናቸው መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ልጆች በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ከቤት ውጭ እንዲሆኑ የሚያበረታታ ዕቅድ አወጣ። ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ሰዓት ልጆችን ወደ ውጭ ማስወጣት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲጨምር የኖረው የዓይን ድክመት መቀነስ ጀመረ። ምክንያቱም የውጭው ብርሃን ከክፍሉ ብርሃን እጅግ የበረታ ስለ ሆነ ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር ያለው ብርሃን እንኳ ክፍል ውስጥ ካለው ይበልጣል። እንግዲህ «ልጄ ዓይኑ እንዳይደክም ከፀሐይ ይቀመጥልኝ» የሚሉ ወላጆች ጥላ ሥር አስቀምጡት እንጂ ቤት ውስጥ አትዝጉበት እንላለን።

ወደ ከባዱ ጕዳይ እንምጣ። ዕረፍትን ከሚወስዱብን ነገሮች ዋናው ፍርሃት ነው። የምን ፍርሃት? የፈተና። በ2014 ዓ.ም. በመላው አገራችን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ሆነ። እኛ ይህን ቍጥር ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን፤ ወደዚያው ፈተና የምንሄደው እኛ ነንና። ውጤቱ በተነገረ ቍጥር በየትምህርት ቤቱ «ደቂቃ አታባክኑ» የሚል ቃል ይበረታል። ተጨማሪ ትምህርት በቅዳሜ ይጀመራል፤ ቀጥሎ ከሰዓት በኋላ ይገባል፤ በመጨረሻም ዕረፍቱን ይበላል። አሁን ደግሞ ይህ ልማድ ወደ ታችኛው ክፍል እየወረደ ነው። የ4ኛ ክፍል ልጅ ገና ለስምንት ዓመት በኋላ ፈተና ሲባል ዛሬ ከሜዳ ይቀራል።

እኛ ትምህርት ይቀንስ አላልንም። ነገር ግን ሦስት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ የተቀመጠ ልጅ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ፥ አሳቡ በመስኮቱ በኩል መሆኑን መምህራኖቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በፊንላንድ ከ45 ደቂቃ ትምህርት በኋላ የ15 ደቂቃ ዕረፍት መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ልጆቹም በረዶ በወረደ ቀን እንኳ ካፖርታቸውን ለብሰው ይወጣሉ። በዚህ አሠራር ትምህርታቸው አልተበላሸም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ቃል ዕረፍት ለቅጣትም ሆነ ለተጨማሪ ትምህርት ሲባል ከልጅ መወሰድ እንደሌለበት አስታውቋል።

ስለ ቅጣት ካነሣን አንድ ነገር በትሕትና ለመምህራኖቻችን ማቅረብ እንፈልጋለን። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ 60 እና ከዚያ በላይ ልጆች በአንድ ክፍል ይዞ ማስተማር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እናያለን። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ በዕረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ እንዲቀር የሚፈረድበት ልጅ ማን ነው? መቀመጥ ያቃተው፥ እግሩን ዝም ማሰኘት ያልቻለ፥ ጎረቤቱን የሚነካካ ልጅ ነው። ከሁሉ ይልቅ መሮጥ የሚያስፈልገው እርሱ ሆኖ ሳለ ከሩጫ የሚከለከለውም እርሱ ነው። ከዕረፍት በኋላ የሚሆነውን ደግሞ ሁላችን አይተናል። የሮጡት ላባቸውን እየጠረጉ ገብተው ይቀመጣሉ፤ እርሱ ግን ሁለተኛውን ረብሻ ይጀምራል፤ ሁለተኛ ቅጣትም ይከተለዋል።

ከእኛ መካከል በታችኛው ክፍል ሳለን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን አለን። እዚያ የነበረው ሥርዓት በብዙ ነገር ጥብቅ ነበር። ፀጕር ይታያል፤ ጥፍር ይታያል፤ የዘገየ በር ላይ ይቆማል። በዕረፍት ሰዓት ግን ሌላ ነበር። ደወል ሲደወል ክፍሉ ይቆለፋል። ሲስተር ቁልፉን በወገቧ አንጠልጥላ በረንዳ ላይ ትቆማለች፤ ማንም ልጅ ጎበዝም ሆነ ሰነፍ፥ የተቀጣም ሆነ ያልተቀጣ ውስጥ መቅረት አይፈቀድለትም። ቅጣት ያለበት ከትምህርት በኋላ ይጨርሳል። መጽሐፍ ይዞ የወጣ ልጅ መጽሐፉን ይነጠቅና ሲመለስ ይቀበላል። በዚያን ጊዜ ይህ ነገር ግራ ያጋባን ነበር፤ ዛሬ ግን ጥበቡ ይታየናል።

ይህን ሁሉ ስንል የምንናገረው ስለ ደወሌ እንጂ ስለ ደጋ አገር አለመሆኑን አንዘነጋም። ፀሐያችን ፀሐይ ናት። ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ዕረፍቱ ሲጀመር የሜዳው አሸዋ በቀጭን ጫማ አያስረግጥም። አየሩ ከሰው ቆዳ ይበልጥ ሲሞቅ ሰውነት ሙቀቱን ወደ አየሩ መስጠት ይሳነዋል፤ የሚቀረው መንገድ ላብ ብቻ ነው፤ ላብ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ውሃ ሳያዘጋጁ ልጅን «ሩጥ» ማለት ደግነት አይደለም። በዚህ ምክንያት «እንግዲያስ በሙቀት አገር ጨዋታ ይቅር» የሚሉ አሉ። እኛ ግን የምንለው ጨዋታው ይቅር ሳይሆን ሰዓቱ ይቀየር ነው። ትምህርት በጧት ስለሚጀመር ዕረፍቱ ከ4 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ከሩብ ቢቀደም ሜዳው ገና አልጋለም። ለእኩለ ቀን ደግሞ ተቀምጠው የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። አባቶቻችን ከዛፍ ሥር ጠጠር ደርድረው ሻህ ሲጫወቱ እናያለን፤ ልጆችም ይህን ቢማሩት ለአሳብ የሚጠቅም ጨዋታ ነው። ጥላና የመጠጥ ውሃ በርሜል ግን ለሁለቱም ሰዓት ያስፈልጋል። ውሃው ሲያልቅ የሚሞላው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይወሰን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው የበዓል ሰሞን ተጀምሮ በሳምንቱ የሚቀር ነገር አንፈልግም።

ስለ ምግብም አንድ ቃል። ያልበላ ልጅ አይሮጥም። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኞ ድርቅ የእኛን የሲቲ ዞንን ክፉኛ በመታ ጊዜ እዚሁ የነበሩት ጓደኞቻችን የሚያስታውሱት አንድ ነገር የሜዳውን ዝምታ ነው። ከብቶቹ አለቁ፤ የጓደኞቻቸው ቤተ ሰቦች ተነሥተው ሄዱ፤ የቀሩት ልጆችም በዕረፍት ሰዓት ግንብ ተደግፈው ይቀመጡ ነበር። ያን ጊዜ ኳስ የነበረው ልጅ እንኳ አብሮት የሚጫወት አላገኘም። የሜዳ ጫጫታ የሚያስቈጣቸው ሰዎች ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

አሁን ወደ ሴቶቹ ጕዳይ እንመለስ። ትንንሾቹ ልጃገረዶች ገመድ ሲዘሉ ያየናቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከግንቡ ሥር የምናገኛቸው ለምንድን ነው? እግራቸው አልደከመም። እኅቶቻችንን ስንጠይቃቸው የሰጡን መልስ የተለያየ ነው። አንዷ «ሜዳው የወንዶች ነው፤ ስንገባ ኳስ ይመቱብናል» አለች። ሌላዋ «ሰው ያየናል» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «ከዕረፍት በኋላ የምታጠብበት የለም» አለች፤ ይህን የመሰለ ቀላል ነገር እኛ ወንዶቹ አስበነው አናውቅም። የልብስ ነገር እንቅፋት ነው ያለች ግን አንዲት እንኳ አላገኘንም። እናቶቻችን ሆይ፥ ረጅም ልብስና ሻሽ ለብሳ መሮጥ እንደሚቻል እናንተ ራሳችሁ የጠፋ ግልገል በማባረር አሳይታችሁናል።

በአርሲ በቆጂ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ከሚሮጡት ልጆች መካከል ደራርቱ ቱሉን አዩ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችው እርሷ ናት። ከዚያችው ከተማ ፋጡማ ሮባና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። በቆጂን የምናነሣው እያንዳንዷ ልጅ ሜዳሊያ ታምጣ ለማለት አይደለም። ከመካከላችን አብዛኞቹ ጸሐፊ፥ ነጋዴ፥ ነርስ፥ የጉምሩክ ሠራተኛ ወይም ሹፌር እንሆናለን። ነገር ግን ልጃገረዶቹ ግንብ ተደግፈው ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ መምህሩ የሚያዩት አንዳች ነገር አልነበረም።

ለእኛ ደግሞ ከበቆጂ የሚቀርብ ምስክር አለ። ከድንበሩ ማዶ፥ በዚሁ በባቡሩ መስመር ላይ ያለችው ዓሊ ሳቢህ እ.ኤ.አ. በ1956 ሁሴን አሕመድ ሳላሕን ወለደች። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1985 በሂሮሺማ የዓለም የማራቶን ዋንጫን አሸነፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። እስከ 2016ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ ጅቡቲ በኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ፀሐዩ ያው የእኛ ፀሐይ፥ መሬቱም ያው የእኛ መሬት ነው። «በእኛ አገር ሙቀት ሩጫ አይሆንም» ለሚሉት ከዚህ የሚሻል መልስ የለንም።

ከሰውነት ጤና ሌላ ሜዳው የሚያስተምረው ነገር አለ። በደወሌ ሶማሊኛ፥ አማርኛ፥ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚነገርባቸው ቤቶች ልጆች በአንድ ግቢ ይገናኛሉ። በክፍል ውስጥ ቋንቋ የከበደው ልጅ አፉ ይያዛል። በሜዳ ላይ ግን «አቀብል» የሚለውን ቃል በአንድ ቀን ይማራል፤ በሁለተኛው ቀን ራሱ ይጮኻል። በሶማሌላንድ ተወልዶ በልጅነቱ በጅቡቲ በኩል ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደውን ሞ ፋራህን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በለንደንና በሪዮ ኦሊምፒኮች በ5,000 እና በ10,000 ሜትር አራት ወርቅ ያገኘው ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. እርሱ ራሱ እንደ ገለጠው በሌላ ልጅ ስም ተወስዶ በሰው ቤት በሥራ ሲገላታ የኖረ ልጅ ነበር። በትምህርት ቤት ቋንቋውን የማያውቅ፥ የማይናገር ነበር፤ በስፖርት ሰዓት ብቻ ይነቃ ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ አለን ዋትኪንሰን ይህን አስተዋለ፤ ልጁም ምስጢሩን መጀመሪያ ከነገራቸው ሰዎች አንዱ ይህ መምህር ሆነ። ይህን ታሪክ ስናነብ ስለ ሜዳሊያዎቹ ብዙ አላሰብንም። ያ ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ ባይኖር ኖሮ ለማን ይናገር ነበር ብለን ነው ያሰብነው።

ፍርድም በሜዳ ይማራሉ። በትንንሾቹ ጨዋታ ዳኛ የለም። ኳሱ ከድንጋዩ በላይ አልፎ ከሆነ ገብቷል ወይስ አልገባም የሚል ክርክር ይነሣል፤ ጨዋታው ይቆማል፤ አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ይቃወማል፤ ታላቅ የሆነው ያስታርቃል፤ ካልተስማሙ ጨዋታው ስለማይቀጥል ይስማማሉ። ይህን ስናይ የሽማግሌዎቻችን ሸንጎ ትዝ ይለናል። በዛፍ ሥር ተቀምጠው እስኪስማሙ ድረስ የሚመክሩበት የኢሳ ሶማሌዎች ያልተጻፈ ሕግ፥ ሄር ኢሴ፥ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፥ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ላይ ተመዝግቧል። ዓለም ያከበረው ነገር እኛ ግቢ ውስጥ በካልሲ ኳስ ዙሪያ በየጧቱ ይለመዳል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ለዚህም ነው ትልልቅ ሰዎች እያንዳንዱን ጨዋታ በፊሽካ እንዲመሩት የማንፈልገው። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ የመምህሩ ነው፤ ዕረፍት ግን የልጆቹ ይሁን። መምህር ከዳር ቆሞ የሚመታ እንዳይኖር፥ የሚገፋ እንዳይኖር ቢጠብቅ ይበቃል።

ስለዚህ ክቡር ዲሬክተራችን፥ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ዕረፍት ለቅጣትም ለተጨማሪ ትምህርትም እንዳይወሰድ በግልጽ ቢታዘዝ፤ ሰዓቱ ወደ 3 ሰዓት ከሩብ ቢቀደም፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሜዳው መካከል ለልጃገረዶች ብቻ ቢሆን፤ መታጠቢያ የሚሆን አንድ ቦንባ ከሴቶች መጸዳጃ ቤት አጠገብ ቢገባ። ከአራቱ ሦስቱ ገንዘብ አያስወጡም። አራተኛውን በሚመለከት ወላጆች ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታቸው በፊት ከወላጅና መምህራን ኅብረት ጸሐፊ ጋር ቢነጋገሩ ደስ ይለናል።

እኛም ባዶ እጃችንን አልመጣንም። ለመታሰቢያ የሚሆን ሰሌዳ ከማሠራት ይልቅ ያዋጣነውን ገንዘብ ለችግኝ አዋልነው። የኒም ዛፍ ሙቀትና ድርቅ እንደሚችል በድሬዳዋ ጎዳናዎች ላይ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የጧት ፀሐይ ከምሥራቅ ስለምትመጣ ጥላው ወደ ሜዳው እንዲወድቅ ችግኞቹን በሜዳው ምሥራቃዊ ዳር ተክለናቸዋል። ጥላ የሚሆኑት እኛ ከሄድን በኋላ ነው። ውሃ የማጠጣቱን ተራ ለ9ኛ ክፍል አስረክበናል፤ ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ ከደወሉ በፊት ነው። ባልዲዎቹ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ከበሩ በስተ ቀኝ ተቀምጠዋል። ፍየል የኒም ቅጠል ስለሚመርራት አትነካውም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የደወሌ ፍየሎች ግን ይህን የሰሙ አይመስሉም፤ ስለዚህ የኋላው በር ሁልጊዜ ይዘጋ። ቁልፉ ከዘበኛው ዘንድ ነው።